«ልምድ ያለው አስጠኚ ይፈለጋል»፤ ታዲያ ልምዱ ለምን ዋጋ አያወጣም?

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የምናነሣው የጤፍን፣ የሲሚንቶን፣ የብረታ ብረትንና የቤት ኪራይን ዋጋ ነው። ዛሬ የምናነሣው ሸቀጥ መጋዘን የለውም፤ በኩንታልም በካሬ ሜትርም አይለካም። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ከተለቀቀበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ በየሰፈሩ ይሸጣል፣ ይገዛል። ይኸውም የአንድ መምህር አንድ ሰዓት ነው።

የቤት ለቤት አስጠኚነት በከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። ለብዙ ዓመታት 4 ኪሎ በሚገኙት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ፊት ቆመው ሲያነቡ ከሚውሉት ወጣቶች መካከል ጥቂት የማይባሉት ቋሚ ሥራ ሲያጡ ዓይናቸውን የሚያሳርፉት «አስጠኚ እንፈልጋለን» በምትለው ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቷ ዛሬ ወደ ቴሌግራም ገብታለች፤ ይዘቷ ግን ብዙም አልተለወጠም። «ከኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል፣ ሁሉንም የትምህርት ዓይነት፣ ልምድ ያለው፣ ዋጋ በስምምነት» ትላለች። ከሥር የተጻፈው ስልክ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የወላጁ ሳይሆን የደላላው ነው።

አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረ ሰው በዚህ ገበያ ገብቶ ለእርሱ የሚስማማውን ሥራ በሚገባው ዋጋ የማያገኘው ለምንድን ነው? ሊያገኝስ የሚችለው በምን መንገድ ነው? ጥያቄው የመምህራን ብቻ አይደለም። ከአንባብያን መካከል ብዙዎቻችሁ በዚህ ገበያ ገዢዎች ናችሁ፤ ኤጀንሲ ለመክፈት ቤት የምትፈልጉም አትጠፉም።

ፍላጎቱ ከየት መጣ?

የአስጠኚ ፍላጎት ከፍ ያለበትን ምክንያት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው እንዲፈተኑ ተደረገ። ያን ጊዜ ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በቁጥር 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ቁጥሩ እያደገ ነው፤ ይሁንና ከመቶ ተማሪ ዘጠኝ በማያልፍበት ፈተና ልጁን የሚያስፈትን ወላጅ፣ ገንዘብ ካለው፣ ከትምህርት ቤቱ ክፍያ በላይ ሌላ ክፍያ ለመክፈል ብዙ አያመነታም። በዚያ ላይ በአዲስ አበባ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል የከተማ አቀፍ ፈተናዎች አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ ይህም ዲግሪውን ለመያዝ የሚጠና አዲስ ደንበኛ ፈጥሯል።

በአቅርቦት በኩልስ? መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ማድረጉ ይታወቃል። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ለሚያውቅ ሰው ግን መምህሩ ከሥራ በኋላ ሌላ ሥራ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። በዚህ ላይ ቋሚ ሥራ ያላገኘ ምሩቅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ስለዚህ ገበያው በሻጭ በኩል የተጨናነቀ ነው።

ጥሩውና መጥፎው ባንድ ዋጋ

የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የሚያውቁት አንድ ጽሑፍ አለ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ሲሆን፣ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ካስገኘለት ሥራው ዋነኛው ነው። ነገሩ ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት አልሸጥም ብሎ ሲወጣ ገበያው ላይ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። በከተማችን የመኪና ደላሎች ዘንድ ለዋለ ሰው ይህ ሐሳብ ከአሜሪካ የመጣ አይመስለውም።

የአስጠኚ ገበያም እንዲሁ ነው። ሲኤምሲ ያለች አንዲት እናት ደላላ ሁለት ሰው ቢያመጣላት፣ አንደኛው 15 ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ፣ ሁለተኛው ዘንድሮ የተመረቀ ቢሆኑ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ልዩነታቸውን የምታውቅበት መንገድ የላትም። ሁለቱም ዲግሪ አላቸው፤ ሁለቱም «ልምድ አለኝ» ይላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ ፈተናው ላይ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም የምትሰጠው ዋጋ አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋውም የአዲሱ ምሩቅ ዋጋ ነው። ልምድ ያለው መምህር ያን ሲሰማ ወይ ቅር ብሎት ይተወዋል፣ ወይም ተቀብሎ ግማሽ ልቡን ይሰጠዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ልጁ ነው።

የደላላው ሒሳብ

ደላላ ወይም ኤጀንሲ በመካከል የሚገባው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ወላጅና አስጠኚን ያገናኛል፣ ለዚህም ይከፈለዋል። ክፍያው ግን በምን መልክ እንደሚታሰብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የደላላው ጠባይ የሚወጣው ከዚያ ነውና።

አንደኛው መልክ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ላይ ድርሻ መውሰድ ነው። እንዲህ ከሆነ ደላላው የሚያተርፈው አስጠኚው ሲቀጠር እንጂ ሲቆይ አይደለም። እንዲያውም በሦስተኛው ወር ቤተሰቡና አስጠኚው ቢጣሉ ደላላው አዲስ ሰው አምጥቶ እንደ ገና ድርሻውን ይወስዳል። ከዚህ ሰው «የሚስማማህን ቤት ፈልጌልሃለሁ» የሚል ነገር መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሁለተኛው መልክ በየወሩ ከክፍያው ላይ በመቶኛ መቁረጥ ነው። እዚህ ላይ ኤጀንሲው አስጠኚው እንዲቆይለት ይፈልጋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ወላጁና መምህሩ ከተዋወቁ በኋላ «ለምን በመካከላችን ሌላ ሰው ይብላ?» ማለታቸው አይቀርም። ኤጀንሲውም ይህን ስለሚፈራ ገንዘቡ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል፣ የወላጁን ስልክ ይደብቃል፣ አንዳንዴም የመምህሩን የትምህርት ማስረጃ ዋናውን ይይዛል። ዋናውን ዲግሪ ለማንም ኤጀንሲ አስይዞ መምጣት በምንም ሒሳብ የሚያዋጣ አይደለም፤ ኮፒው ይበቃል።

ይህ ጸሐፊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በሁለተኛው መንገድ ሠርቷል። ሁለት ወር በደንብ ተከፈለው። የሦስተኛው ወር ሲደርስ የኤጀንሲው ስልክ አይነሣም፤ ቢሮው ድረስ ቢሄድ ክፍሉ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆኖ ጠበቀው። ወላጆቹን ሲጠይቅ ለኤጀንሲው በሰዓቱ ከፍለዋል፤ ደረሰኝ ግን አልነበራቸውም። እርሱም በእጁ አንዲት ፊርማ ያለባት ወረቀት አልነበረችውም። ያ ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በጎውን ለመናገር፣ ወላጅንም መምህርንም አጣርተው የሚያገናኙ ኤጀንሲዎች አሉ፤ ለከተማው አዲስ ለሆነና ሰው ለማያውቅ መምህር መነሻ ይሆናሉ። ጥያቄው በእነርሱ ላይ ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቤቶች በኤጀንሲ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን በራስ ስም ማግኘት ምክንያታዊ ይመስላል።

የመንገዱ ሒሳብ

ልምድ ያላቸው መምህራን ሳይቀሩ የሚሳሳቱት ሒሳብ ይህ ነው። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

መምህሩ ጀሞ ይኖራል እንበል። ኤጀንሲ ሲኤምሲ ሥራ አገኘለት፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት። ወላጅ በወር 12,000 ብር ይከፍላል፤ ኤጀንሲው 30 ከመቶ ይወስዳል። ለመምህሩ 8,400 ብር ይደርሳል። በወር 24 ሰዓት ያስተምራል፤ ለሰዓት 350 ብር ይመስላል። ደስ ይላል።

አሁን መንገዱን እናስገባ። በሥራ መውጫ ሰዓት ከጀሞ ሲኤምሲ ደርሶ መመለስ በቀን 2 ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፣ በ12 ቀን 30 ሰዓት ነው። ከሚያስተምርበት ጊዜ ይልቅ ታክሲ ሰልፍ ላይና መንገድ ላይ የሚያሳልፈው ይበልጣል ማለት ነው። ለትራንስፖርት በቀን 80 ብር ቢያወጣ በወር 960 ብር። የቀረው 7,440 ብር ለ54 ሰዓት ሲካፈል ለሰዓት 138 ብር ገደማ ይሆናል። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ታክሲ ጠፍቶ በስልክ የሚጠራ መኪና የያዘ ቀን ደግሞ ያም ይቀንሳል።

እዚያው ጀሞ በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ቤት በቀጥታ 7,000 ብር ብቻ ቢከፍለውስ? 24 ሰዓት ማስተማር፣ 6 ሰዓት በእግር፤ ድምሩ 30 ሰዓት። ለሰዓት 233 ብር። ስሙ አነስተኛ የሆነው ክፍያ ትልቁን በብዙ በለጠው። በተረፈው 24 ሰዓት ሁለተኛ ቤት ሊይዝ ይችላል።

ከዚህ የተሻለው ደግሞ ልጆቹ የሚመጡበት መንገድ ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ አንድ ክፍል የሚማሩ አራት ልጆች በአንዱ ወላጅ ሳሎን ተሰብስበው እያንዳንዳቸው 2,500 ብር ቢከፍሉ 10,000 ብር ይሆናል። ወላጅ በግል ከሚከፍለው ያነሰ ይከፍላል፤ መምህሩ የበለጠ ያገኛል። ጉድለቱ የልጆቹ ደረጃ መለያየቱ ነው። ጎበዙ ይሰለቻል፣ ደካማው ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ አጭር ፈተና ሰጥቶ ተቀራራቢዎችን ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ክፍል ተከራይቶ፣ ታፔላ ሰቅሎ፣ ሌላ አስተማሪ መቅጠር ሲጀመር ግን ነገሩ ንግድ ሆኗል፤ ፈቃድና ግብር ይከተላሉ።

የሚስማማው የትኛው ነው?

«ሥራ አገኘሁ» እና «የሚስማማኝን ሥራ አገኘሁ» አንድ አይደሉም። ወላጆች «አስጠኚ» በሚል አንድ ቃል የሚጠሩት ቢያንስ ሦስት የተለያየ ሥራ ነው። አንዱ የቤት ሥራ የሚያሠራ ሰው ነው፤ አባትና እናት ሱቅ አምሽተው እስኪመጡ ልጆቹን የሚይዝ፣ ደብተራቸውን የሚያይ። ሁለተኛው የወደቀ ትምህርት የሚያነሣ ነው። ሦስተኛው ለአንድ የታወቀ ፈተና የሚያዘጋጅ ነው። የመጀመሪያውን ሥራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በደንብ ይሠራዋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት መምህር ወደዚያ ቤት ከገባ ልምዱ የሚገዛለት የለም። እርሱ መቆም ያለበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው።

ስለዚህ ከመቀበሉ በፊት መምህሩ ራሱ ወላጁን ቢጠይቅ አያሳፍርም። ከእኔ በፊት አስጠኚ ነበር ወይ? ለምን ተወ? አንድ ልጅ ነው ወይስ ታናናሾቹም በዚያው ዋጋ ይቀመጣሉ? የምናጠናው የት ነው፣ ቴሌቪዥን ካለበት ሳሎን ወይስ ጸጥ ካለ ክፍል? የመጨረሻው ካርድ ይታየኝ ወይ? ለነዚህ ጥያቄዎች በትዕግሥት የሚመልስ ቤት ደመወዝም በሰዓቱ የሚከፍል ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል። በሦስት ወር ውስጥ አራት አስጠኚ የለወጠ ቤት ደግሞ አምስተኛውንም ይለውጣል።

ጠበብ ማለት ከሰፊነት ይልቅ ያዋጣል። «ከኬጂ እስከ 12» የሚል መምህር ለወላጅ የሚነግረው ምንም የተለየ ነገር እንደሌለው ነው። «የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ፣ ለብሔራዊ ፈተና» የሚለው ግን ያነሰ ሰው ይደውልለታል፤ የሚደውለው ግን እርሱን ፈልጎ ነው። ከዚህም የጠበቡና የሚከፍሉ ጠርዞች አሉ። የካምብሪጅን ሥርዓተ ትምህርት የሚያውቅ፣ አይጂሲኤስኢ የሚባለውን ፈተና ያስፈተነ መምህር ብዙ አይደለም፤ ይህን የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች ግን በከተማው አሉ። በፈረንሳይኛ ሒሳብ ማስረዳት የሚችል ሰው ደግሞ ለሊሴ ገብረ ማርያም ተማሪዎች ወላጆች ብርቅ ነው።

ሌላው ጠርዝ ውጭ አገር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው አማርኛ እንዲናገሩና ፊደል እንዲቆጥሩ ይፈልጋሉ፤ ትምህርቱም በኢንተርኔት ይሰጣል። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚታሰብ ክፍያ በብር ሲመነዘር ከፊቱ እጅግ የላቀ ሆኗል። ሰዓቱን ግን ማስላት ነው። ዋሽንግተን ቅዳሜ ጧት በእነርሱ 10 ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ በክረምታቸው ምሽት 12 ሰዓት፣ በበጋቸው 11 ሰዓት ነው፤ ይህ ይመቻል። በእነርሱ የሥራ ቀን ምሽት ከሆነ ግን መምህሩ እኩለ ሌሊት አልፎ መቀመጡ ነው። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። አማርኛ የሚያስተምር ሰው እዚህ አገር አማርኛ በማስተማሩ ብቻ እንዳይተማመን፤ ቤቱ እንግሊዝኛ የሚነገርበትን የስድስት ዓመት ልጅ ማስተማር ሌላ ሙያ ነው።

ልምድን ማሳየት

አከርሎፍ ካነሣው ችግር መውጫው ገዢው አስቀድሞ እንዲያይ ማድረግ ነው። የዲግሪ ኮፒ ብዙ አይናገርም፤ ሁሉም አለው። የሚናገረው በመዝገብ የተያዘ ውጤት ነው። መምህሩ ያስጠናቸውን ልጆች ሲጀምርና ሲጨርስ ያመጡትን ነጥብ በአንዲት ደብተር ቢይዝ፣ የልጆቹን ስም ሳይጠራ ለአዲሱ ወላጅ ማሳየት ይችላል። የወደቀ ካለም ይጻፍ፤ ሁሉም አለፈ የሚል ደብተር አይታመንም። ሁለት ወይም ሦስት የቀድሞ ወላጆችን አስፈቅዶ ስልካቸውን መስጠት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ነጋዴ ወላጅ መርካቶ ውስጥ ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ የሚጠይቀው «ማን ያውቅሃል?» ብሎ ነውና፣ ቋንቋው ይገባዋል።

ሌላው የሙከራ ጊዜ ነው። ልምድ ያለው መምህር አንድ ክፍለ ጊዜ በነጻ አስተምሮ፣ ልጁ የቱ ጋ እንደሚደናቀፍ በግማሽ ገጽ ጽፎ ለወላጁ ቢሰጥ፣ አዲሱ ምሩቅ በቀላሉ ሊያስመስለው የማይችለውን ነገር አሳየ ማለት ነው። ዋጋ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዋጋ ከተባለ ንግግሩ በሙሉ ስለ ዋጋ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ጉዳይ አለ። አንዳንድ መምህር ቀን በክፍል የሚያስተምረውን ልጅ ማታ በክፍያ ያስጠናል። ነጥብ የሚሰጠው እርሱ፣ ገንዘብ የሚቀበለውም እርሱ ነው። ወላጁ የሚገዛው ዕውቀት ይሁን ነጥብ አይታወቅም። የሚሠራበት ትምህርት ቤት የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ቋሚ እንጀራውን ያሳጣዋል። የሌላ ትምህርት ቤት ልጆችን መያዝ ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ከባልደረቦች ጋር ደንበኛ መለዋወጥም ይቻላል።

ወረቀቱ

በራሱ ኃላፊነትና ሙያ በክፍያ የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) አይሸፈንም። ለየቤቱ እየሄደ የሚያስጠና መምህር ያለው መከታ ውሉ ነው ማለት ነው። በማስጠኛ ማዕከል ተቀጥሮ በደመወዝ የሚሠራ ከሆነ ግን ሠራተኛ ነው፤ የጡረታ መዋጮ 7 ከመቶ ከእርሱ፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው ሊገባለት ይገባል። ይህን የማይከፍል ማዕከል የሚያቀርበውን ደመወዝ ሲያነጻጽሩ 11 ከመቶውን ቀንሶ ማየት ነው።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ቀናቱና ሰዓቱ፣ ክፍያው የሚገባበት ቀን፣ ልጁ ሲቀር ሰዓቱ ይታሰባል ወይስ ይተካል፣ የበዓል ሳምንት እንዴት ይሆናል፣ ለማቋረጥ ስንት ቀን ቀደም ብሎ ይነገራል የሚሉት ይግቡበት። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከሚቀሩ ቀናት ነው። «ልጁ ታሞ ነበር፣ ሠርግ ነበረብን» ተብሎ ከ12 ቀን 8 ብቻ ተቆጥሮ የሚከፈለው መምህር ብዙ ነው፤ እርሱ ግን ያን ሰዓት ለሌላ ሰው አልሸጠውም። ክፍያ በወሩ አጋማሽ ቢሆን ሁለቱም የሚሸከሙት ስጋት የሁለት ሳምንት ብቻ ይሆናል። በባንክ ወይም በቴሌብር ቢሆን ደግሞ መዝገብ ይተዋል።

ኤጀንሲ ለመክፈት ለምታስቡ፣ የስም ዝርዝር ማጠራቀም ሀብት አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ማንም ያጠራቅመዋል። የሚሸጠው ማጣራቱ ነው። መምህሩን በሚያስተምረው ትምህርት ፈትኖ፣ የቀድሞ ወላጆችን ደውሎ ጠይቆ፣ ክፍያውን ከወላጁ በሁለት ጊዜ የሚወስድ ድርጅት ቢኖር፣ ግማሹን ከሙከራው በኋላ፣ ግማሹን ሦስት ወር ሲሞላ፣ የደላላውና የልጁ ጥቅም ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ በኩል ይሆናል።

ስለ ጊዜው ደግሞ፤ ገበያው ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። መስከረም ላይ ወላጅ በዩኒፎርምና በደብተር ወጪ ተይዞ ስለሚቆይ የሚከራከረው ስለ እያንዳንዷ ብር ነው፤ አዲስ ሻጭም በዚያን ጊዜ ይበዛል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ሲታደል ግን ነገሩ ይለወጣል። ወላጁ ውጤቱን በዓይኑ አይቷል፤ ለፈተናው የቀረው አራት አምስት ወር ነው፤ በመስከረም የተቀጠሩትም ርካሽ አስጠኚዎች ያን ሰሞን መሰናበት ይጀምራሉ። በመስከረም አንድ ቤት ብቻ ይዞ ሁለት ምሽቱን ክፍት ያቆየ መምህር የካቲት ላይ ለሚደውልለት ወላጅ ዋጋውን ሲናገር ያን ያህል አይከራከሩትም።